የአሸዋ ቀዛፊዎች

ሞያሌ ዓሣ አይሸተትባትም። የፍየል ጠረን አለ፤ የግመል ወተት አለ፤ ናፍጣ፣ ሚራ የሚሉት ጫት፣ በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ፣ ሁሉም አለ። ዓሣ ግን የለም። እኔ በምኖርባት በኬንያዋ ሞያሌ፣ የአገሩ ሰው ዓሣ ሲያይ እባብ ያየ ያህል ነው የሚሰቀጥጠው። ታዲያ ባለፈው ሰሞን የማርሳቢት መኪኖች በሚቆሙበት ስቴጅ በኩል ሳልፍ፣ የደረቀ ዓሣ ሽታ አፍንጫዬን ቢመታው እግሬ ቀጥ አለ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቀን ከባሌ ከአስፋው ኮት ላይ አሽትቼዋለሁ፤ ከየት እንዳመጣው ሳይነግረኝ ነው የሞተው። ሽታው ከአንድ ጆንያ ነው የሚመጣው፤ ጆንያው ላይ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ሰው ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና «ማማ ጽጌ» አለኝ። ጢም አብቅሏል፣ ፊቱን ፀሐይ አክስሎታል፤ እኔ ያወቅኩት በድምፁ ነው። ጉዮ ነበር። ልቤ ድንግጥ አለ፤ ደስታ ይሁን ፍርሃት እስካሁን አልለየሁትም።

ጉዮ ማን እንደሆነ ለመናገር ከአስፋው መጀመር ግድ ነው። ባሌ ቀዛፊ ነበር። የሽርሽር ጀልባ አይደለም የምላችሁ፤ የውድድር ቀዛፊ! ገና በጎረምሳነቱ ምጽዋ ባሕር ኃይል ገባ። እዚያ በበዓል ቀን የየመርከቡ ሰዎች በረጅም የእንጨት ጀልባ ይወዳደሩ ነበርና፣ ትከሻውን ያዩ አለቆች መቅዘፊያ አስያዙት። ከዚያ ወዲያ ሕይወቱ እሱ ሆነ። ሲያወራልኝ ከጀልባው ገና የወረደ ነበር የሚመስለው፤ ነጩ ሸሚዝ፣ ሰማያዊው መቀነት፣ ከጥዋለት ደሴት እስከ ወደቡ ጫፍ የተሰለፈው ሕዝብ፣ ጃንጥላ የያዙት ሴቶች፣ ማርሽ ባንዱ። አንድ ዓመት ከውጭ አገር በጦር መርከብ የመጡ ሰዎች እኛም እንግጠም ብለው ገጠሙ። የፈረንጆቹን ቁመት ሲነግረኝ እጁን እስከ ጣሪያው ያነሳ ነበር። ቀደሟቸው። ያን ዕለት ገራር ሰፈር ውስጥ ከኪሱ አውጥቶ ቢራ የጠጣ የባሕር ኃይል ሰው አልነበረም ይላል። ሰውነቱም እስኪሞት ድረስ ያንን ሥራ አልረሳም፤ ቀኝ ትከሻው ከግራው ከፍ ያለ፣ መዳፉም እንደ ግመል ጉልበት የደነደነ ነበር።

ቀዛፊ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አላውቅም ነበር። ፊቱ ወደ ተነሳበት ነው፤ የሚሄድበትን የሚያየው ጀልባው ጭራ ላይ ተቀምጦ መሪ የያዘው ሰው ብቻ ነው። ቀዛፊ ዞሮ ካየ ጀልባው ይዛነፋል፣ መቅዘፊያ ከመቅዘፊያ ይጋጫል፤ ስለዚህ አይዞርም፣ መሪ የያዘውን ያምናል። ዘመኑ ሲገለበጥ፣ ዘመን መገለባበጥ ልማዱ ነው፣ ዝርዝሩን የሚያወሩ ሌሎች አሉ፣ አስፋው ከጥቂት ጓዶቹ ጋር ከምጽዋ የወጣው በዚያችው በውድድር ጀልባ ነበር። ከተማዋ ትቃጠላለች፤ እሱ ፊቱ ወደ ከተማዋ ነው። አብሯቸው ይቀዝፍ የነበረ አንድ ጓዳቸው ዘግይቶ ወደቡ ላይ ደረሰና ሸሚዙን አውልቆ ያውለበልብ ጀመር። መመለስ አይቻልም። መሪ የያዘው ሳብ ይላል፣ አስፋው ይስባል፤ ሸሚዙ እየራቀ፣ እየራቀ መሐረብ አከለ፣ ከዚያም ጠፋ። «የምትሄጂበትን አለማየት ምንም አይደለም፣ ጽጌ፤ የተውሽውን እያየሽ መሄድ ነው የሚገድለው» ይለኝ ነበር። ይህን ባነሳ ቁጥር ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል።

በየመን ዞሮ ኬንያ የስደተኛ ጣቢያ ገባ። እኔም ከዲላ ተሰድጄ እዚያው ነበርኩ፤ ተጋባን። ጣቢያው ሲያንገፈግፈን ወደ አገራችን ቀረብ እንበል ብለን ሞያሌ መጣን፤ ቀረብን እንጂ አልገባንም። ማንያታ ሰፈር የጭቃ ቤት ተከራየን። እኔ በእግር መኪና ዲራ የሚሉትን የሴት ሰፊ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ እሱ የጭነት መኪና ሸራ ይሰፋል፤ ከባሕር የተረፈችው ሙያ እሷ ነበረች። ልጅ አልሰጠንም። የማወራችሁ አስፋልቱ ገና ሳይደርሰን ነው። የዛሬ ሰው አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፉን ተኝቶ ናይሮቢ ይነቃል፤ ያኔ ከብት በጫነ መኪና ጣሪያ ብረት ላይ ተንጠልጥለህ ነበር የምትሄደው፣ ስትደርስ ቅንድብህ ሳይቀር አቧራ። ግን ጊዜው ጊዜ ነበር! ቻፓቲ በአሥር ሽልንግ፣ ያውም ሙሉ ሰሃን የሚያህል። ልጃገረዶቹ የሚያብረቀርቅ ዲራ ካልሆነ አይለብሱም፤ ጨርቁን ከሶኮ፣ ከገበያው፣ በክንዳቸው ለክተው አምጥተው «ማማ፣ እስከ ሐሙስ አድርሺልኝ፣ ሰርግ አለብኝ» ይሉኛል። የቦዳ ቦዳ ሞተረኞች ከድንበሩ ማዶ የመጣ የአማርኛ ዘፈን ከፍተው ኮረብታውን ይወጣሉ፤ ቃሉን የማያውቁት እንኳ ዜማውን አብረው ያዜማሉ።

አስፋውን «ምዜ ባሃሪ» ይሉት ነበር፤ የባሕር ሽማግሌ እንደማለት ነው። ለፌዝ ነው፣ ለክብር አይደለም። ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት አገር የቀዛፊ ወግ ማን ያምናል? «ምዜ፣ ማዕበሉ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ይሉታል ሸራው ላይ አጎንብሶ ሲያዩት። ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን ሳቁን በር ላይ ነበር የሚተወው። ምን ያድርግ፣ ማስረጃ የለውም! ፎቶው፣ ዋንጫው፣ ጓዶቹ፣ ሁሉም እዚያው ቀርተዋል። ከመሞቱ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ቀዛፊነቱን በዓይኑ አይቶ የሚያምንለት ሰው ይፈልግ ነበር። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

አንድ ቀን የሰፈሩ ሹም፣ ቺፉ፣ ባራዛ ጠራ፤ ባራዛ የሰፈር ስብሰባ ነው። ከማርሳቢት የመጣ እንግዳ ተነሳና ቱርካና ሐይቅ ላይ የጀልባ ውድድር ሊደረግ ነው፣ የየአካባቢው ወጣቶች አራት ቀዛፊና አንድ መሪ ያዥ ሆነው ይምጡ አለ። «እኛ ግመል እንላክ!» አለ አንዱ፤ ሕዝቡ ሳቀ። አስፋው ተነሳ። ልብሱን ይዤ ልጎትተው ነበር።

«ሞያሌ ትቀዝፋለች» አለ።

«የት ልትለማመድ ነው ምዜ? በርሜል ውስጥ?»

«አሸዋ ላይ።»

ሳቁ! አንዲት ሴት ከሳቋ ብዛት የደረበችው ሌሶ ጨርቅ ወደቀባት። እኔ ግን አላሳቀኝም፤ ፊቱን አየሁታ።

ከማንያታ በታች፣ ወደ ጎልቦ ሜዳ በሚወስደው በኩል፣ ደረቅ ወንዝ አለ። እዚያ ከአሮጌ ጭነት መኪና የተነቀሉ ሳንቃዎች በመደዳ ቀበረ። መቅዘፊያ ረጃጅም አጣና ነው፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ ይታሰርበትና አሸዋው ላይ ይጎተታል። «ውሃ ከዚህ ይከብዳል» ይላቸዋል። አራት ወጣት አገኘ፤ አንዱ የነጋዴ ልጅ፣ ሁለቱ ከኦቦ የመጡ ወንድማማቾች፣ አራተኛው ውሃ በአህያ ጋሪ የሚያመላልሰው ጉዮ። ከአንድ ወገን አልነበሩም፤ ማን ከየትኛው እንደነበር አልናገርም፣ ያኔ የወገን ስም ብቻውን ሰው ያስገድል ነበር። ሳንቃው ላይ ግን ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። የጀልባው አፍንጫ ሁልጊዜ ወደ ማንያታ ነው፤ «ጀልባ ወደ ቤት ነው የሚቀዘፈው» ይል ነበር። ስለዚህ አራቱ ፊታቸው ወደ ሜዳው፣ ጀርባቸው ወደ ሰፈሩ ነው፤ አስፋው ከፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ሰፈሩን ያያል። «ሳ—ብ! ል—ቀቅ!» ሲል ድምፁ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ዞር ያለውን ወዮለት! «እዚያ ያለውን እኔ አየዋለሁ፣ አንተ ሳብ!» ይለዋል። ለመሳቅ የመጣው ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ዝም ብሎ ማየት ጀመረ።

ከአራቱ ሁሉ ጉዮ ይበልጥ ነበር። አስፋው ማታ ማታ ስለሱ ብቻ ነበር የሚያወራኝ፤ «ይህ ልጅ ውሃ አይቶ አያውቅም፣ ግን ውሃው ውስጡ ነው» ይለኛል። የጉዮ እናት ዳራሜ ትባላለች፤ ወተት ሻጭ ናት። ወገቧ ስለተጎዳ በምርኩዝ ነው የምትሄደው፤ ከዚያ ልጅ ሌላ ሰው የላትም። ቤቷ በሰፈሩ ዳርቻ ከወንዙ በላይ ስለሆነ ለአስፋው ፊት ለፊት ይታየዋል። የልጇ ራት ሲደርስ በሯ ላይ ቆማ ቢጫ ሌሶዋን ታውለበልባለች። አስፋው ያይና «ጉዮ፣ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ወደብ ግባ!» ይለዋል። ይህ የየዕለቱ ጨዋታቸው ሆነ። አንዳንዴ ሌሎቹም ባንዲራው ገና ነው ወይ እያሉ ይጠይቁት ነበር፤ መዞር አይቻልማ።

ወደ ሐይቁ ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ተኩሱ መጣ። ማን ጀመረው፣ ለምን ጀመረው፣ ይህን ሽማግሌዎቹም አልጨረሱትም። ከቀትር በኋላ ነው። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ፤ ከሶኮ በኩል ተንጣጣ፣ ከዚያ ጩኸት። ሰዉ ሁሉ ወደ ድንበሩ ሮጠ፤ እኔ ባሌን ብዬ ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ስደርስ ይቀዝፋሉ። ወይ ጉድ፣ ይቀዝፋሉ! «ማዶ ነው የሚተኮሰው፤ እኛን አይመለከተንም፣ ሳብ!» ይላቸዋል። ፊቱን አየሁት፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል፣ ዓይኑ ከልጆቹ ራስ በላይ ሰፈሩ ላይ ተተክሏል። ዞሬ አየሁ። ስፌት የጨረሰው ዓይኔ ሩቅ ነገር አያሳየኝም፤ ለእኔ የታየኝ ጭስ ነው፣ ጥቁር ጭስ። አፌን ልከፍት ስል እጁን አነሳብኝ። ገባኝ። ካወቁ ይሮጣሉ፤ ከሮጡ ደግሞ አራቱም ወደየወገናቸው ነው የሚሮጡት። ጎኑ ተቀመጥኩ። «ሳ—ብ! ል—ቀቅ!» የልጆቹ መዳፍ ደማ፤ ይብቃን ሲሉት «ገና ነው» ይላቸዋል። የወታደር መኪና ከዋናው መንገድ ወርዶ ተኩሱ ጸጥ እስኪል ድረስ አስቀዘፋቸው። ከዚያ ድምፁ ተዘግቶ «መቅዘፊያ አስቀምጡ። አሁን ዙሩ» አለ።

ዳራሜ በሯ ላይ ወድቃ ተገኘች። እሳቱ አይደለም፣ ጥይት ነው ያገኛት። ቤቱ የተቃጠለው በኋላ ነው አሉ።

ከተቀበረች በኋላ ጉዮ ደጃችን መጣ። ግባ ብንለው አልገባም። «ምዜ፣ አይተህ ነበር?» አለው። እኔ ዋሽ፣ እባክህ ዋሽ እያልኩ በሆዴ እጸልያለሁ። አስፋው «አይቻለሁ» አለ። ጉዮ ዞሮ ሄደ። በኋላው ጮህኩበት። «አንተን ብሎ እኮ ነው! ወደ ላይ የሮጡት ሁሉ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ቀርተዋል! አንተም ከእነሱ ጋር ትተኛ ነበር!» እውነቴን ነው። ቤት ቤት ብለው የሮጡት አልተመለሱም፤ ያን ቀን ከዚያ ሳንቃ ላይ አራት ነፍስ ተርፏል። ስንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስከራከር ኖሬያለሁ፤ ከጎረቤት ጋር፣ ከቄሱ ጋር፣ ከራሱ ከአስፋው ጋር። ያየው ጭስ ነው፤ ጭስ ደግሞ የማን ቤት እንደሆነ አይናገርም፣ እላቸዋለሁ። አስፋው ግን አንድም ቀን አዎ ልክ ነሽ አላለኝም።

ከሞያሌ ወደ ውድድሩ የሄደ የለም። የነጋዴው ልጅ ናይሮቢ ገባ፣ ወንድማማቾቹ ኦቦ ተመለሱ፣ ጉዮ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ጠፋ። ሳንቃዎቹን ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሁሉ እየነቀለ በር ሠራባቸው፤ ዛሬም ማንያታ ውስጥ የትኞቹ በሮች እንደሆኑ አውቃለሁ። ምዜ ባሃሪ እያለ የሚያፌዝ ጠፋ። በተኩስ መሃል ሰውን አስቀምጦ እንዲያ ማስቀዘፍ የሚችል የእውነት ቀዛፊ የነበረ ብቻ ነው አሉ። ሰው ያመነለት ያኔ ነው። ፈጣሪ ምኞትን እንዲህ አድርጎ ከሚሰጥ ቢነሳ ይሻላል! አስፋው አልተደሰተበትም፤ ከሰው ፊት መሸሽ አበዛ። ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ እግሩን ግድግዳው ላይ አድርጎ ሲገፋ ያድራል።

አስፋልቱ በገባበት ሰሞን ደረቱን ያመው ጀመር። አንድ ጠዋት ማርሳቢት ሐኪም ዘንድ ልታይ ብሎ ሄደና ቀናት ቆይቶ መጣ። አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል፣ ኮቱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። «ምን ዓይነት ሐኪም ቤት ነው ሰውን ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው?» ብለው «አውቶቡስ ላይ ዓሣ ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጦ ነው» አለኝ። ነዘነዝኩት፣ ነዘነዝኩት፤ ከአፉ ሌላ ነገር አልወጣም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ግን ተኛ። እስኪሞት ድረስ እንደ ሰው ተኛ፤ መድኃኒቱ ነው ብዬ ያንን የማላውቀውን ሐኪም ስመርቅ ኖርኩ።

እና ስቴጁ ላይ፣ ጆንያው ላይ የተቀመጠው ጉዮ ነው። «ዓሣ ነጋዴ ሆንክ?» አልኩት።

«ማዶ ያሉ ሆቴሎች በጾም ይገዙኛል» አለኝ። «ግን ነጋዴ አይደለሁም፣ ማማ። ቀዛፊ ነኝ፤ ቱርካና ላይ።»

እንባዬ መጣ። «ውድድሩስ?»

«ለብቻ በሚቀዘፈው በየዓመቱ እገባለሁ። በየዓመቱ መጨረሻ ነኝ።» ሳቀ። «ፊቴን ወደምሄድበት አድርጌ፣ እየገፋሁ ነው የምቀዝፈው። እንደ ሌላው ጀርባዬን ልስጥ ብዬ ሞክሬ ነበር፤ አንገቴ እምቢ አለኝ፣ በራሱ ይዞራል። ሰዎቹም ለምደውኛል።»

ያ ትከሻ! አስፋው ውሃው ውስጡ ነው ያለለት ልጅ! ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ ሳላውቅ ተናደድኩ። «አስፋው ይህን ቢያይ አልቅሶ አይበቃውም ነበር» አልኩት።

«አይቷል» አለኝ።

ጆንያው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ሽታው ከየት እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

«ሲፈልገኝ ከርሞ አገኘኝ። ውሃው ላይ ውሰደኝ አለ። ወሰድኩት። ጀልባው አፍንጫ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ ወደ እኔ፣ ጀርባው ወደምንሄድበት። ‹ዛሬ አንተ ነህ የምታየው› አለኝ። መሃል ስንደርስ መግፋቴን ተውኩና ጠየቅኩት። ያን ቀን ምን አየህ አልኩት።»

«ጭስ ነው ያየው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «እኔም ጎኑ ነበርኩ፣ ጉዮ። ጭስ ብቻ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሌሶዋን አይቷል፣ ማማ። ቢጫውን። በሩ ላይ ቆማ ስታውለበልብልኝ አይቷታል። ‹ብዙ አውለበለበች፤ እኔ ሳብ እያልኩህ እሷ ታውለበልብ ነበር፤ ከዚያ ሌሶው ቆመ› አለኝ። አልደበቀኝም።»

ያን ሁሉ ዓመት የተከራከርኩት ጭስ ነው ብዬ ነው። ጎኑ ተቀምጬ ነበር እኮ፤ ትከሻው ትከሻዬን እየነካው ነበር፤ እሱ ያንን እያየ ነበር። ምጽዋ ላይ አንድ ሸሚዝ፣ እዚህ ደግሞ አንድ ሌሶ። አስፋው ነፍሱን ይማረው፣ አንጀቴን በላው። ዳራሜም በላችው። ሰዉ ጓዙን ይዞ ይጋፋናል፣ የአውቶቡሱ ረዳት ማርሳቢት! ማርሳቢት! እያለ ይጮኻል፤ እኛ ጆንያው ላይ ተቀምጠናል።

«ይቅር አልከው?» አልኩት በመጨረሻ።

ጉዮ እጆቹን አየ፤ መዳፉ እንደ አስፋው መዳፍ ደንድኗል።

«ይቅር በለኝ አላለኝም፣ እኔም አላልኩትም» አለ። «አዞ ያለበት ሐይቅ ነው። ነፋሱ ተነስቷል፣ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም፤ እሱም ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ እኔን ያየኛል።» ብድግ ሲል እኔም ተነሳሁለት፤ ጆንያውን ወደ ትከሻው አወጣ።

«ዳር አደረስኩት፣ ማማ።»